ስካቫተር ሣር አያውቅም

እኔ የምለው፣ ይህ ኔትዎርክ የሚባለው ነገር ጠላቱ ስንት ነው? አንድ ቀን ቢሮ ስትሄድ «ፋይበር ተቆርጧል» ይሉሃል። ማን ቆረጠው? መንገድ የሚቆፍረው ስካቫተር። ሌላ ቀን ስትሄድ ምሰሶ ተገጭቷል። ማን ገጨው? ሕዝቡ አልቃይዳ ብሎ የሰየማት፣ ሙዛችንን ጭና ወደ ሶዶ የምትከንፈው የጭነት መኪና። ሙዙ አዲስ አበባ ገብቶ ተበልቶ ያልቃል፤ የእኔ ጉዳይ ምሰሶው ሥር ይቀራል። እዚህ አርባ ምንጭ ከሲቀላ ሴቻ ዳገቱን በባጃጅ የወጣሁበትን ሒሳብ ደግሞ የሚመልስልኝ የለም።

አንድ የጥገና ልጅ ይህን ፋይበር አሳይቶኛል። ጥቁሩን ልባስ ላጠና ከፀጉር የማይወፍር ነገር መዘዘ። «መስታወት ነው፤ መልእክቱ በብርሃን ነው የሚሄደው» አለኝ። መስታወት! አገር የሚያስተዳድሩበትን ነገር ከመስታወት ይሠራሉ? ሲበጠስም እንደ ድሮው የስልክ ሽቦ በፒንሳ ጠምዘዝ አድርጎ መቀጠል አይቻልም። ጫፍና ጫፉን በማሽን እያቀለጡ፣ ክሩን አንድ በአንድ፣ አቧራ ሳያስነኩ ነው የሚያጋጥሙት። በዚህ አቧራችን! ሌባው እንኳ መዳብ መስሎት ይቆርጥና የሚሸጥ ነገር ሲያጣበት ጥሎት ይሄዳል። የድሮው ሽቦ ሲሰረቅ ቢያንስ አንድ ሰው ይጠቀም ነበር።

የእኛ ብቻ ችግር አይደለም አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። መጋቢት 2003 ዓ.ም. ጆርጂያ ውስጥ አንዲት የ75 ዓመት እናት መዳብ ፍለጋ በአካፋ ሲጭሩ ገመዱን በጠሱ ተብሎ፣ ጎረቤት አገር አርሜኒያ ለሰዓታት ያለ ኢንተርኔት ውላለች። እድሜያችንን ሲንቁ የነበሩ ይህን ይስሙ! በየካቲት 2016 ደግሞ ቀይ ባሕር ውስጥ ገመዶች ሲበጠሱ፣ የተጠረጠረው በሚሳይል የተመታች መርከብ እየጎተተችው የሄደችው መልሕቅ ነበር። ባሕር ውስጥም ስካቫተር አለ ማለት ነው።

ሕግስ የለም እንዴ? አለ። የቴሌኮምና የመብራት መስመር የሚያበላሽን የሚቀጣ አዋጅ ቁጥር 464 ከ1997 ጀምሮ አለ። ስካቫተሩ ግን አላነበበውም። ሽምግልናም ቢሆን እኛ ጋሞዎች አናጣም። መስከረም 2011 ቡራዩ ላይ ጋሞዎች በመገደላቸው የተቆጡ ወጣቶች እዚሁ አርባ ምንጭ ሊበቀሉ ሲነሱ፣ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው መልሰዋቸዋል፤ አገር ያወቀው ነው። ስካቫተር ፊት ግን ሣር ይዤ ብንበረከክ ምን ሊፈይድልኝ? ሣሩንም እኔንም ከነአፈሩ አፍሶ ገልባጭ መኪና ላይ ይጭነናል።

ድሮም መስመር ይበጠስ ነበር፤ አልዋሽም። ጨንቻ ላይ ነፋስ ምሰሶ ሲጥል ስልክ ይሞታል። የሚሞተው ግን ስልኩ ብቻ ነበር! መዝገቡ አለ፣ ካርቦኑ አለ፣ ማኅተሙ አለ፣ ጸሐፊውም ብዕሩን ቀለም ውስጥ እየነከረ ሥራውን ይቀጥላል። አሁን አንድ ክር ተበጠሰ ማለት ግብር የሚቀበል የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ የቤት ካርታ የለም። ሠራተኛው ሁሉ እጁን አጣምሮ ግቢ ውስጥ ቡና ይጠጣል። የሚገርመኝ ደግሞ ቡናው ኔትዎርክ አይፈልግም፤ አንድም ቀን ተቋርጦ አያውቅም።

ባለፈው የቦታዬን ፋይል ፍለጋ ሄጄ አንዲቱን ልጅ ለመንኳት።

«የኔ ልጅ፣ መዝገቡን አምጪውና በእጅሽ ጻፊልኝ። ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ።»

«አባባ፣ መዝገቡ እኮ ስካን ተደርጎ ሲስተም ውስጥ ገብቷል።»

«ወረቀቱስ?»

«ቦታ ስለያዘ መጋዘን ተወሰደ።»

«ጥሩ፤ የትኛው መጋዘን ነው? ራሴ ሄጄ እፈልገዋለሁ።»

«እሱን ሲስተሙ ላይ ካላየሁ አላውቅም፣ አባባ።»