ፈገግታ በወር ክፍያ

አነስተኛ ነጋዴዎቻችንን እንኳን ደስ ያላችሁ ማለት ይገባል። ሱቅ ከፍቶ፣ ንግድ ፈቃድ አውጥቶ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ዕቃ አምርቶ መሸጥ የድሮ ሰው ድካም ነበር። ዛሬ ዕቃውንም፣ ሠራተኛውንም፣ ቢሮውንም የፎቶ መሸጫ ድረ ገጾች አሰናድተው አስቀምጠውልናል። በወር 10 ፎቶ የሚወርድበትን ደንበኝነት መግዛት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ድርጅቱ ባይኖርም ግድ የለም፤ ፎቶው አለ።

ገርጂ አካባቢ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት አውቃለሁ። የሠራልኝ የመጻሕፍት መደርደሪያ ዋንዛ ነው፤ ጠርዙ በእጅ የተላገ፣ መሳቢያው በአንድ ጣት የሚሳብ። ጠረጴዛ ላሠራ አስቤ ሌሎች ሥራዎቹን ለማየት የቴሌግራም ቻናሉን ከፈትኩ። አመድማ ሶፋ፣ ነጭ ግድግዳ፣ ከሶፋው ጀርባ ሰፊ መስኮት። በመስኮቱ ጥድ ይታያል፤ ጥዱ ላይ በረዶ ተከምሯል። ገርጂ ላይ! ባለቤቱን ብጠይቀው ቅር አለው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የዓመት ተከፍሎበታል» አለኝ። የተከፈለው ሜሪላንድ ባለችው እህቱ ካርድ ነው። ዋንዛውስ? ብለው፣ «እሱማ እዚሁ አለ፤ መጥቶ ማየት ነው» አለ። እውነቱን ነው። እውነተኛ ዕቃ ምን ፎቶ ያስፈልገዋል?

ከሁሉ የማደንቃት ግን ያቺን ባለ ሄድሴት ሴት ነው። ታውቋታላችሁ። ወርቃማ ጸጉር፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥርስ እንደ ወተት፣ አንድ ጣቷን ማይኩ ጫፍ ላይ አሳርፋ ፈገግ ያለችው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቦሌ የጉዞ ወኪል ውስጥ ስልክ ታነሳለች። በዚያው ደቂቃ መገናኛ የጥርስ ክሊኒክ ቀጠሮ ትይዛለች፤ መርካቶ የትራንዚት ቢሮ ትጠብቃለች፤ ሜክሲኮ ሒሳብ ትሠራለች፤ ሲኤምሲ መዋዕለ ሕፃናት ተቀባይ ናት። አንድ ቀን አርፍዳ አታውቅም። ትራንስፖርት አጣሁ ብላ አታውቅም። ለቅሶ ሄዳ አታውቅም።

እኔን የሚያሳስበኝ መብቷ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአንድ ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ይህቺ ምስኪን በስንት መሥሪያ ቤት የስንት ዓመት ፈቃድ ተጠራቅሞላታል? ተደምሮ ቢሰጣት እስከ ልጅ ልጆቿ ዘመን ሶደሬ ተኝታ ትኖራለች። 120 ቀን የወሊድ ፈቃድም አላት፤ ብታረግዝ የአዲስ አበባ ስልክ ሁሉ በአንድ ቀን ሳይነሳ ይውላል። ጡረታዋስ? 7 በመቶ ከደመወዟ፣ 11 በመቶ ከአሠሪዋ፣ ይህን ያህል አሠሪ እያላት አንድ ሳንቲም አልገባላትም። ገቢዎችስ ምነው ዝም አለ? የደመወዝ ግብሯን አንድ ሐቀኛ ኦዲተር ቢከታተል ስንት የቀለበት መንገድ ይሠራበት ነበር! እድርም ቢሆን ችግር ነው። የሁሉም ሠፈር ነዋሪ ናትና የሁሉም እድር አባል መሆን አለባት፤ ወላጅ ቢሞትባት የከተማው ድንኳን ሁሉ አንድ ግቢ ይተከላል፣ ንፍሮው ከሰሚት እስከ ጀሞ ይቀቀላል። ባሏ ደግሞ ያ ሱፍ ለባሽ፣ እጅ ሲጨብጥ ሲጨብጥ የሚውለው ሰውዬ መሆን አለበት። ማታ ቤት ሲገናኙም እጅ ይጨባበጡና ፈገግ ብለው ይተኛሉ።

አንድ ቀን በምስሏ ሥር ያለውን ቁጥር ደወልኩ። የጥበቃው ሰውዬ አነሱት። «ምሳ ወጥተዋል» አሉኝ። መብቷ ተከብሯል ማለት ነው።

ሌሎቹም ምስጋና አይነፈጋቸው። ይርጋጨፌ ቆልቶ የሚሸጠው ቤት ማስታወቂያው ላይ የአረፋ ልብ የተሣለበት ካፑቺኖ አለ፤ ጀበና የለም። ክትፎ ቤቱ ሮዝመሪ የተነሰነሰበት ስቴክ ሰቅሏል። አንድራስ አራቶ የተባለው የሃንጋሪ ሰው ዕድሜውን በኤሌክትሪክ መሐንዲስነት ገፍቶ፣ ለሽያጭ በተነሳቸው ፎቶዎች የተነሳ በኢንተርኔት ሐኪም ሆኖ ተገኝቷል፤ የእኛዎቹ ክሊኒኮች ምን ይፍሩ? ሳይከፍሉ አውርደው፣ የሻጩ ስም በግራጫ ፊደል የታካሚውን መንጋጋ አቋርጦ እያለፈ፣ ሦስት ሜትር ባነር ላይ የሚያሳትሙት ደግሞ የማስታወቂያ ነጻ አውጪዎች ናቸው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ለ25 ዓመት ይጠብቃል፤ እነሱ ግን ችኩሎች ናቸው።

ሒሳቡም ያምራል። በወር 10 ማለት በዓመት 120 ፎቶ ነው። የእንጨት ቤቱ የሚሠራው ዕቃ ከአልጋ እስከ በርጩማ 9 ዓይነት ነው። ቀሪውን በረዶ ይሞላዋል። በወር እየከፈሉ ለዓመት የሚታሰሩበት ውልም አለ፤ በመሀል ላቋርጥ ቢሉ ቅጣት አለው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ፎቶም የሚሸጠውን የሶፍትዌር ኩባንያ አዶቤን የከሰሰው ይህን ቅጣት ከደንበኛ ደብቋል ብሎ ነው። የሜሪላንዷ እህት ይህን ታንብብ።

እንግዲህ ሽሙጡ ይብቃ። ያልሠራኸውን ሶፋ «የእኛ ሥራ» ብለህ መለጠፍ ውሸት ነው። ተከፍሎበት መውረዱ እውነት አያደርገውም፤ ፈቃዱ ምስሉን እንድትጠቀም እንጂ ዕቃውን የራስህ እንድታደርግ አይልም። ያንኑ ሶፋ ተፎካካሪህም ነገ ያወርደዋል፤ ፎቶው ለከፈለ ሁሉ ነው። ደንበኛም ሞኝ አይደለም፤ በረዶውን ያየ ሰው የዋንዛውንም ዋጋ ይጠራጠራል።

ደንበኝነቱ የሚያዋጣው አለ። በየቀኑ ጽሑፍ የሚያወጣ መጽሔት፣ ለብዙ ደንበኛ የሚሠራ የማስታወቂያ ድርጅት፣ የመጽሐፍ ሽፋን ነዳፊ ይክፈል። ዘጠኝ ዕቃ ያለው ሰው ግን የሚያስፈልገው ዘጠኝ ፎቶ ነው። የፎቶ መሸጫውን ድረ ገጽ ሹተርስቶክን እ.ኤ.አ. በ2003 የመሠረተው ጆን ኦሪንጀር እንኳ ገበያውን የጀመረው ራሱ ባነሳቸው 30 ሺህ ፎቶዎች ነበር። እሱ የራሱን አንስቶ ሸጠ፤ እኛ የራሳችንን ደብቀን የሱን እንገዛለን።

ስለዚህ ባለ ሱቆች፣ ይህን አድርጉ። ዕቃውን ጠዋት ከበር ወደሚገባው ብርሃን አውጡትና በስልካችሁ አንሱት፤ ካልሆነላችሁ ለሠፈሩ ፎቶ አንሺ የአንድ ቀን ክፈሉት። ሠራተኛውንም ከነመጋዙ አንሱት፤ አስቀድማችሁ ግን አስፈቅዱት፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ አደባባይ እንዳይወጣ ይከለክላል። ስልክ የሚያነሱትን የጥበቃውን ሰውዬም ጠይቋቸው። እሺ ካሉ፣ ከዚያ ቁጥር በላይ መቀመጥ ያለበት የእሳቸው ፊት ነው።