ስለ ኢስታንቡል ጎብኚ ወገንና ጠባይ የቀረበ አጭር ሐተታ

የቀደሙ ሊቃውንት መላእክትን በነገድ፣ ከዋክብትን በየምድባቸው፣ አራዊትንም በየወገናቸው ለይተው ሲያስተምሩን፣ ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ ጣራ ገዳም ባለው አገር የሚታየውን አንድ ፍጥረት፣ ይኸውም ኢስታንቡልን የጎበኘውን ሰው፣ ጠባዩን መርምሮ ወገኑን የለየለት ደራሲ አለመነሣቱ ለዕውቀት ዓለም ጉድለት መስሎ ስለ ታየን፣ ይህችን ሐተታ ለመጻፍ ተነሣሥተናል። ጎብኚውም በ3 ነገድ ይከፈላል።

የመጀመሪያው ነገድ ከደብረ ታቦር ሳይወጣ የጎበኘ ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ጀምሮ የቱርክን ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ከያዘበት ጊዜ አንሥቶ፣ ይህ ሰው ከቤቱ ተቀምጦ ቡናውን ፉት እያለ፣ የቦስፎረስን ወሽመጥ ከአውሮፓ ወደ እስያ፣ ከእስያም ወደ አውሮፓ ስንት ጊዜ እንደ ተሻገረ ቁጥሩ ጠፍቶበታል፤ ከባሕሩ ዳር ባለው ቪላ የሚያድገውን ልጅ በእውነት የወለደው ማን እንደ ሆነ ግን ከቪላው ጌታ አስቀድሞ ያውቃል። የዚህ ጉብኝት ጉድለቱ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም መብራት ሲጠፋ መቋረጡ ነው።

ሁለተኛው ነገድ ወደ አሜሪካ ሲሻገር በትራንዚት ያለፈው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በተከፈተው አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ሻንጣውን ታቅፎ ወንበር ላይ ያነጋ፣ ከከተማይቱም በመስታወት አሻግሮ ካየው መብራት በቀር አንዳች ያልተገለጠለት ይህ መንገደኛ፣ ዘመዶቹ በጠየቁት ጊዜ «ኢስታንቡልማ አውቃታለሁ፤ ሻይዋ ውድ ነው» ብሎ እንደ ባለ ሥልጣን ይመልሳል።

ሦስተኛውና ለሐተታችን ዋና የሆነው ነገድ በቱሪስት ቪዛ ገብቶ ላሌሊ የሚሰነብተው ነው። ላሌሊ ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ ከዚያ በሻንጣ ይመላለሱ በነበሩ ነጋዴዎች የገነነ፣ ዛሬም የአፍሪካ ነጋዴ የማይታጣበት የጅምላ ልብስ ሰፈር ነው። ጎብኚያችን ሱቅ ሲገባ ወገበ ቀጭን በሆነ ብርጭቆ ሻይ ይቀርብለታል፤ ባለሱቁ አማርኛ፣ እርሱም ቱርክኛ ስለማያውቁ ካልኩሌተር መሐላቸው ይቀመጣል፤ አንዱ ቁጥር ጽፎ ያስጠጋል፣ ሌላው ደምስሶ የራሱን ጽፎ ይመልሳል፤ ባለሱቁ ደረቱን ይመታል፣ ጎብኚው ወደ በሩ ይራመዳል፣ ደፉን ሊሻገር ሲል ይጠራል። ሱሪውም ትንሹና ትልቁ ቁጥር አብሮ ታስሮ እንጂ በነጠላ አይሸጥም። ሲመሽ እስሩ ሁሉ በፕላስተር ተጠፍንጎ በኪሎ ይመዘናል፤ ከወር በኋላም የደብረ ታቦር ቡቲክ ባለቤት የአንዱን ሱሪ ወገብ ገልብጦ ምልክቱን እያሳየ፣ «እታለም፣ ቻይና እንዳይመስልሽ፣ ቱርክ ነው!» ይላል።

እንግዲህ ሊቃውንት ሊመረምሩት የሚገባው ረቂቅ ነገር ከዚህ ላይ ይጀምራል። ይህ ሰው ለከተማይቱ ባዕድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ381 በቁስጥንጥንያ፣ ማለት በዛሬይቱ ኢስታንቡል፣ የተሰበሰቡትን የ150ውን ሊቃውንት ሃይማኖት በጸሎት የሚደግም፣ በዚያች መንበር የተቀመጠው የዮሐንስ አፈ ወርቅ ቅዳሴ ሲቀደስ ቆሞ የሚያስቀድስ፣ በየመስከረሙ እሌኒ ንግሥትን እያሰበ ደመራ የሚዞር፣ በ21ኛውም ቀን ስለ ግማደ መስቀሉ የግሸንን አምባ በእግሩ የሚወጣ ምእመን ነው። የንግሥቲቱም ልጅ ቆስጠንጢኖስ እ.ኤ.አ. በ330 ከተማይቱን ሲመርቅ ያቆመው፣ የታሪክ ጸሐፊው ሶቅራጥስም «በላዩ ባለው የንጉሡ ምስል ውስጥ ከዕፀ መስቀሉ ክፋይ ተቀመጠ» ብሎ የመሰከረለት ዓምድ፣ ምስሉ ቢወድቅም እርሱ ቸምበርሊታሽ በሚባለው ስፍራ፣ ከላሌሊ በትራም ሁለተኛው ፌርማታ ላይ፣ እስከ ዛሬ ቆሞ አለ።

ጎብኚያችን ግን አይወርድም። በመጀመሪያው ፌርማታ ያለውን፣ በ15ኛው ምዕተ ዓመት የተመሠረተውን ታላቁን የተሸፈነ ገበያ፣ ራሱ በቱሪስት ቪዛ መግባቱን ረስቶ፣ «ዋጋው የቱሪስት ነው» ሲል ይንቀዋል፤ በሦስተኛው ፌርማታ ያለችው፣ ዩስጢንያኖስ እ.ኤ.አ. በ537 ያስመረቃት ሐጊያ ሶፍያ፣ ከእ.ኤ.አ. 2024 ወዲህ ለውጭ አገር ጎብኚ መግቢያዋ 25 ዩሮ ነው ቢሉት፣ ገንዘቡን ወዲያው በሱሪ መንዝሮ፣ ከውጭ አማትቦ ይመለሳል።

ፍርዳችን ይህ ነው፦ ንግዱ አይነቀፍም፤ ልጅ የሚያስተምር፣ ቤት የሚያቆም ሱሪ ክብር ይገባዋልና። ነገር ግን ለግማደ መስቀሉ ሲል ግሸን ድረስ ገደል የወጣ ሰው ሁለት ፌርማታ ከበደኝ ቢል፣ ምክንያቱን የሚቀበለው ሊቅ አናገኝም። ስለዚህ ወደ ላሌሊ የምትሄዱ ወገኖቻችን ሁሉ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እስሩን ለባልንጀራችሁ አደራ ብላችሁ ቸምበርሊታሽ ውረዱ። ዓምዱ በአደባባይ የቆመ ስለ ሆነ ለማየት አይከፈልበትም።