በቁጥር የሚቆጣ ማሽን

ወገኖቼ፣ ዘመን ከፋ ብል አትፍረዱብኝ። ድሮ ሂሳብ ሲዛባ አለቃችን መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ፣ ስማችንን ጠርቶ፣ ዘራችንን ቆጥሮ ይቆጣን ነበር። ምን ያለ ወርቅ ጊዜ! ዛሬ ኤክሴል የሚቆጣው በቁጥር ነው፤ ‹‹ራን ታይም ኤረር 9›› ይልና ጸጥ። ዘጠኝ ሞት መጣ ቢሉት አንዱን ግባ በሉት ያለው ሰውዬ ይህን ቢያይ ኖሮ በሩን ይቀረቅር ነበር።

የልጄ ልጅ ጠጋ ብላ አየችው። ‹‹አባባ፣ የእድሩን መዋጮ የሚደምረው ማክሮ ‹ሰኔ› የሚባለውን ሺት ፈልጎ አጣው፤ ከስሙ ኋላ ባዶ ቦታ አለ።›› በባዶ ቦታ ሰው ይጣላል? ያውም ኮዱ ውስጥ ፊደላችንን ስንጽፍበት ጥያቄ ምልክት እየደረደረ፣ ለእሱ ብለን በላቲን የጻፍነውን ስም!

ጥቅምት 30ን እንደ ደንቡ 30/2/2016 ብዬ ብጽፍለት ደግሞ፣ ፌብሩዋሪ 30 የለውም ብሎ እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘዋል። ማክሮው ቀን ነው ብሎ ሲቀበለው ኤረር 13። አሥራ ሦስት ወር ያለን እኛ፣ በ13 የምንሰደብም እኛ!

ሺቱ 1,048,576 ረድፍ ይዘረጋል፤ ቆጣሪውን ‹ኢንቲጀር› ካላችሁት ግን ከ32,767 በላይ መቁጠር አቅቶት ኤረር 6 ይላል። ‹‹ሎንግ በለው›› ይሉኛል። ሜዳ ሰጥቶ እግር መንሳት ይሏል ይህ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ‹ኦን ኤረር ሪዙም ኔክስት› የምትባለው መስመር ናት። የዛሬ ልጆች ማክሮው እንዳይጮህባቸው ይጽፏታል፤ እሷም ስህተቱን በዝምታ ታልፍና የተዛባ ድምር ታቀርባለች። በእኛ ጊዜ ስህተት የሚደብቅ አልነበረም። ሰኔ 30 ሲደርስ የጠፋች አምስት ሳንቲም ስንፈልግ እናድር ነበር፤ ካጣናትም ‹ልዩ ልዩ ወጪ› ብለን በክብር እንዘጋት ነበር።

አሁን ‹ዲበግ› ስትሉት ጥፋተኛዋ መስመር ቢጫ ትለብሳለች፤ ኤፍ 8 እየነካችሁ መስመር በመስመር ትወርዳላችሁ፤ ማውሱን ቫሪያብሉ ላይ ስታሳርፉ በሆዱ ያለውን ይናዘዛል። ይህም ሥራ ተባለ! ስህተት በደቂቃ ከተገኘ ሰው ምን ሊሠራ ነው? እኛ ያችን ሳንቲም ፍለጋ ስንቀመጥ ከአቦል እስከ በረካ ይፈላ ነበር።

የእድራችንን መዋጮ የሚደምረውን ማክሮ ግን ልጅቷ ‹‹እስከ ነገ አስተካክልልዎታለሁ›› አለችኝ። እስከ ነገ! የዛሬ ልጅ ፍጥነት የት ያውቅና።