አረንጓዴው እንዳይቀላ

አለቃዎ «እንደ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ስታተስ ፔጅ ይኑረን፤ በጀት ግን የለም» ካሉ አይደንግጡ። አገልግሎቱ ይሠራ አይሠራ በአረንጓዴና በቀይ የሚያሳይ ገጽ፣ ኦፕን ሶርስ ሆኖ በራስዎ ሰርቨር ላይ የሚጫን ሞልቷል። ዋናው ነገር ገጹ ምንጊዜም አረንጓዴ እንዲሆን አስቦ መምረጥ ነው።

ብዙ ሰው የሚጀምረው በአፕታይም ኩማ ነው። በዶከር ቶሎ ይነሳል፣ መልኩም ያምራል። ችግሩ ይሉኝታ አያውቅም፤ ካልነኩት በየ60 ሴኮንዱ እየፈተሸ ያየውን ይናገራል። ስለዚህ ዋናው ሲስተም ባለበት ሰርቨር ላይ ይጫኑት። ዲስኩ ሲሞላ ሁለቱም አብረው ይወድቃሉ፤ ቀይ ያየ ሰውም አይኖርም። ይህ የጀማሪ ሥራ ነው ብለው አይፈሩ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017 የአማዞን የፋይል ማከማቻ ኤስ3 ሲወድቅ፣ የአማዞን የሁኔታ ሰሌዳ ማስተዳደሪያ ራሱ በኤስ3 ላይ የተንጠለጠለ ነበርና ለሁለት ሰዓት ያህል የየአገልግሎቱን ምልክት መቀየር አልተቻለም። ችግሩን የተናገሩት በትዊተርና ከገጹ አናት ላይ በለጠፉት ጽሑፍ ነበር።

ጋተስን ከወደዱ ደግሞ መመሪያውን በያምል ፋይል ይጽፉለታል፦ የምላሹ ኮድ 200 ይሁን፣ ከ300 ሚሊሴኮንድ አይለፍ፣ ገጹ ላይ ይህ ቃል ይገኝ። እርስዎ 200 ላይ ያቁሙ። «ይቅርታ፣ ስህተት ተፈጥሯል» የሚለውን ገጽ ራሱ በ200 የሚልክ ሲስተም ስንት አለ! ደንበኛው ክፍያው አልሄድ ብሎት ላብ ሲያጠምቀው ጋተስ «ሁሉ ሰላም» ይላል።

በእንግሊዝኛ በሁለት ፒ ከሚጻፈው አፕታይም ግን ይራቁ። የሚያድረው ጊትሃብ ዘንድ ስለሆነ እርስዎ ሲወድቁ አብሮ አይወድቅም። ብልሽት ሲያገኝ በራሱ ኢሹ ይከፍታል፤ ታሪኩም በጊት ተመዝግቦ ይቀራል። እንዲህ ያለ ምስክር በገዛ እጅ አይጠራም።

የእኔ ምርጫ ሲስቴት ነው። ሁጎ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ የተሠራ፣ ዳታቤዝ የማይፈልግ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በራሱ ምንም የማይፈትሽ! ገጹ የሚቀላው ሰው ቁጭ ብሎ ማርክዳውን ፋይል ሲጽፍ ብቻ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያ ሰው ማን ነው? ሰርቨሩን ለማንሳት የሚሯሯጠው ያው ተረኛ ልጅ። እጁ ሥራ ይዟል፣ አይጽፍም። ድንገት ትጉህ ሆኖ ቢያስቸግር እንኳ፣ ማንኛውም ጽሑፍ ሳይወጣ በኮሙኒኬሽን ክፍል ይጽደቅ የሚል ደብዳቤ አስቀድመው ያስፈርሙ። ክፍሉ የሚከፈተው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።