«ባክአፕ አለን» ላላችሁኝ

የምርምር ቡድናችንን የጋራ ዲስክ ከሚጠብቁት አንዱ ነኝ። ሰሞኑን የባክአፕ ነገር ባነሳ ከየጠረጴዛው መልስ ተወረወረልኝ። ምላሼ ይኸው።

«ዲስካችን ሬይድ ነው፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው አለ።»

ዲስክ ሲሞትማ ያድናችኋል። «አጥፋ» ስትሉት ግን ከሁሉም ላይ በአንድ ትንፋሽ ያጠፋላችኋል። ከራሳችሁ እጅ ማን ያድናችሁ?

«የኔ ፍላሽ ላይ አለ።»

ፍላሹስ የት አለ? «ቦርሳዬ ውስጥ።» ላፕቶፑስ? «እዚያው።» ታዲያ ሌባው ምን ቸገረው፣ በአንድ ማንጠልጠያ ሁለቱንም ወሰደ!

«ዲስኩ ሞልቷል፤ ቅጂ የምናኖርበት ቦታ የለም።»

ማን እንደሞላው እንይ። በቀደም የከፈትኩት ፎልደር ስሙ «ሙከራ» ነው። ባለቤቱ ተመርቆ ሄዷል። ውስጡ የመሣሪያው ጥሬ ልኬትም፣ ከዚያው ልኬት የተሰላ ውጤትም ተደበላልቋል፤ የቱ ከየቱ እንደወጣ የሚናገር አንድ መስመር ጽሑፍ የለም። ስሌት ቢጠፋ ኮምፒውተሩ መልሶ ይሠራዋል። የዚያን ቀን ልኬት ግን ማን መልሶ ይለካዋል? እኛ ዘንድ ስሌቱ ተንጣሎ ተኝቷል፤ ልኬቱ ቅጂ አጥቷል። ሰው ሲሰናበት የቢሮ ቁልፍ ያስረክብ የለም እንዴ? ፎልደሩንም ያስረክብ!

«ባክአፕማ አለን፤ ሌሊት ሌሊት በራሱ ይሠራል።»

የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲም ነበረው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 የሱፐርኮምፒውተሩን ማከማቻ ባክአፕ የሚያደርገው ስክሪፕት፣ ከ10 ቀን በላይ የቆዩ የሎግ ፋይሎችን እንዲያጸዳ ታዞ ነበር። ሲስተሙን ያቀረበው ድርጅት ስክሪፕቱን አሻሻለና የቀድሞው ሥራ ላይ እያለ አዲሱን በላዩ ጻፈበት። ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ባሽ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ የሚያነበው እየሠራ ነው፤ ስለዚህ ከመሃል ጀምሮ አዲሱን ማንበብ ያዘ። የት እንደሚያጸዳ የሚነግረው ተለዋዋጭ ባዶ ሆኖ ቀረና ሎጉን ትቶ የተመራማሪዎቹን ፋይል ጠረገው። 77 ቴራባይት ሄደ፤ 34 ሚሊዮን ያህል ፋይል፣ የ14 የምርምር ቡድኖች ሥራ። የ4ቱን ከባክአፕ መመለስ አልተቻለም። ድርጅቱ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የራሱ መሆኑን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታው ደግ ነው፤ ፋይሉን ግን አልመለሰም። በጉን የበላው ውሻው ነው፣ እናንተ ደግሞ «ውሻ አለን» ትሉኛላችሁ!

«ታዲያ ምን እንመን?»

ከባክአፕ መልሳችሁ የከፈታችሁትን። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት ዓይነት ማከማቻ ላይ ይቀመጥ፤ አንዱ ከሕንጻው ይውጣ። በተለይ አንዱ፣ ዋናውን የሚያጠፋው የይለፍ ቃል የማይከፍተው ይሁን። እኔ ራሴም በዕለት ሥራዬ ልነካው የማልችል ቅጂ ነው የምፈልገው።

«ጊዜ የለንም።»

ሁለት ዓመት የለካችሁትን እንደ አዲስ ለመለካትስ አላችሁ?

ዛሬ ከቢሮ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ፋይል ምረጡ። ከባክአፑ አውጥታችሁ ባዶ ፎልደር ውስጥ መልሱትና ክፈቱት። አልከፈት ካላችሁ ነገን አትጠብቁ፤ ቢመሽም ደውሉልኝ።