አበዳሪው ቆሞ፣ ተበዳሪው ተቀምጦ

የኢትዮጵያ መንግሥት አበዳሪ ያከብራል። የዓለም ባንክ ወይም የዓለም የገንዘብ ድርጅት ልዑክ ቦሌ ሲያርፍ የሚቀበለው ባለሥልጣን አይታጣም፤ ሰነዱ ታትሞ፣ ቡናው ፈልቶ ይጠብቀዋል፤ ማታም በዜና ይታያል። በኅዳር 2007 ዓ.ም. አገሪቱ በውጭ ገበያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ስትሸጥ ለገዢዎቹ በዓመት 6.625 በመቶ ወለድ፣ ያውም በዶላር፣ ቃል ገባች። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ከዚሁ ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር ሳይከፈል ሲቀር የዓለም ጋዜጦች ጮኹ። ባለቦንዶቹም ኮሚቴ አቋቁመው፣ አማካሪ ቀጥረው ለድርድር ተቀመጡ።

ሌላም አበዳሪ አለ። ይኼኛው ኮሚቴ የለውም፣ አማካሪም አልቀጠረም። ከዘራና ጠርዙ ያለቀ ፋይል ይዞ በማለዳ ይመጣል፤ መስኮቱ እስኪከፈት ቆሞ ይጠብቃል። ጡረተኛ ይባላል።

ብድሩን በፈቃዱ አልሰጠም ብሎ ማማት ምስጋና ቢስነት ነው፤ ሕጉ አስቦለት ነው። አዋጅ ቁጥር 714/2003 የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ እንዲያዋጣ አዘዘ፤ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ይጨምርለታል። ለወታደርና ለፖሊስ የአሠሪው ድርሻ 25 በመቶ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ደግሞ የግል ድርጅት ሠራተኛውን ወደዚሁ ማዕድ ጠራው፤ ከሠራተኛው 5፣ ከአሠሪው 7 በመቶ ተብሎ ተጀምሮ ቀስ በቀስ 7 እና 11 ላይ ደረሰ። ፕሮቪደንት ፈንድ የነበራቸው ነባር ሠራተኞች በዚያው የመቀጠል ምርጫ ተሰጣቸው። መንገድ ዳር ጀበና ለጣደችው ሴት፣ ለሊስትሮውና ለጉልት ነጋዴው ሕጉ «ከፈለጋችሁ» አላቸው። መፈለጉን ማን ከልክሏቸው!

እንግዲህ 10,000 ብር ደመወዝ ካለው ሰው በየወሩ 1,800 ብር ይቀመጣል ማለት ነው። አሥራ ስምንት በመቶ ቁጠባ! የትኛው አባት ነው ልጁን መክሮ ዘክሮ እዚህ ያደረሰ? አገሪቱ ቁጠባ የሚባል ባህል የላትም የሚሉ የኢኮኖሚ ምሁራን የደመወዝ መክፈያ ሊስት አይተው አያውቁም።

ገንዘቡ የት ሄደ? ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። ሕጉ በግምጃ ቤት ሰነድና «አዋጭና አስተማማኝ» በሆኑ ሌሎች መስኮች ይዋል ይል ነበር። ለረጅም ዓመታት «ሌሎች» የሚለው ቃል ለጌጥ የገባ እስኪመስል ድረስ ገንዘቡ ወደ ግምጃ ቤት ሰነድ ብቻ ጎረፈ። የሰነዱ ዋና ገዢዎች ሁለቱ የጡረታ ተቋማት፣ የመንግሥት ሠራተኞቹና የግል ድርጅት ሠራተኞቹ፣ ነበሩ፤ ሻጩ ደግሞ መንግሥት። ወለዱ ብዙ ጊዜ ከ2 በመቶ በታች ነበር። ሰነዱ በገበያ ዋጋ በጨረታ መሸጥ የጀመረው ገና በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ነው።

የነገሩ ውበት የሚታየው ከጎረቤቱ ጋር ሲተያይ ነው። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የቁጠባ ወለድ ወለሉን ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። ስለዚህ እናቱ በስሙ ደብተር የከፈተችለት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ በጥምቀት ለተሸለማት 50 ብር 7 በመቶ ሲታሰብለት፣ የመምህሩ የሠላሳ ዓመት ጥሪት የዚያን ሩብ ያህል ያገኝ ነበር። በዚያ ሰሞን የዋጋ ንረቱ ከ10 በመቶ በላይ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ 15 በመቶን ተሻገረ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከ30 በላይ ወጣ። ጨረታ ከመጣ በኋላ የሰነዱ ወለድ አደገ፤ ንረቱም አብሮት አደገና ወለዱ ለዓመታት ሊይዘው አልቻለም።

ለመንግሥት ግን አድናቆት ይገባዋል። ሩቅ አገር ሄዶ፣ ቅድመ ሁኔታ ተደርድሮበት፣ በ6.625 በመቶ ከመበደር እዚሁ ቤቱ በ1 በመቶና ከዚያ ፈቀቅ ባለ ወለድ የሚያበድር፣ ቅድመ ሁኔታ የማያውቅ፣ «መቼ ትመልሳለህ» የማይል ሰው ማግኘት የብልህ ተበዳሪ ሥራ ነው። ዋጋ ንረት ባለበት አገር እንዲህ ያለውን ብድር የሚወስድ ሰው ዕዳውን ተኝቶ ይከፍላል።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። 1,800 ብር በ1.5 በመቶ ወለድ ለ10 ዓመት ቢቀመጥ 2,089 ብር ገደማ ይሆናል። ዋጋ በዓመት 15 በመቶ ቢጨምር ግን ያን ቀን በ1,800 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ከ10 ዓመት በኋላ 7,282 ብር ያወጣል። የቀረውን ልዩነት ማን እንደበላው መጠየቅ ነውር ነው፤ ማንም አልበላውም፣ ተነነ።

እዚህ ላይ አንድ የፋይናንስ ሹም እጁን ማንሣቱ አይቀርም፤ የሚለውም እውነት አለው። በኢትዮጵያ ሥርዓት ጡረተኛ የሚከፈለው ገንዘቡ ባፈራው ወለድ ልክ ሳይሆን በቀመር ነው። ወለዱ ቢከሳም አበሉ በቀመሩ መሠረት ይከፈላል፤ ታዲያ ምን ተጎዳ? የተጎዳው አበሉን ከኑሮው ጋር ለማስተካከል የሚያስችለው አቅም ነው። ዛሬ «ይጨመርልን» ሲባል «ፈንዱ አይችልም» የሚል መልስ ቢመጣ፣ ፈንዱ ያልቻለው ማን ዘንድ ተቀምጦ ሲከሳ ቆይቶ እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው አይገኝም።

ቀመሩም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። የ2003ቱ አዋጅ እንደደነገገው 10 ዓመት ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከልለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ጣሪያውን ለመንካት 42 ዓመት ማገልገል ይጠይቃል። መውጫው 60 ዓመት ስለሆነ፣ ሙሉውን የሚያገኘው በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ አንድም ዓመት ሳያቋርጥ የኖረ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ23 ዓመቱ የተቀጠረው 63.75 በመቶ ላይ ይቆማል። ስፔሻላይዝ ላድርግ ብሎ በትምህርት ላይ የቆየና በ30 ዓመቱ ሥራ የጀመረ ሐኪም 55 በመቶውን ይዞ ይሸኛል። መማር ያስቀጣል ያለ የለም፤ ቀመሩ ብቻ ነው ያለው።

«የሦስት ዓመት አማካይ» የምትለዋ ሐረግ ደግሞ ዋጋ በተረጋጋበት አገር ብትኖር ምንም ክፋት የላትም። እዚህ ግን ደመወዝ ለዓመታት ተኝቶ ድንገት ነው የሚነሣው። ለሒሳብ እንዲመች፣ ሁለት ዓመት 6,000 ብር ሲከፈለው ቆይቶ በመጨረሻው ዓመት 12,000 የገባለትን የ30 ዓመት አገልጋይ እንውሰድ። አማካዩ 8,000 ነው፤ 55 በመቶው 4,400 ብር። ትናንት 12,000 ብር ይቀበል የነበረው ሰው ዛሬ ከሲሦው ጥቂት ፈቀቅ ባለ ገንዘብ ወር ያደርሳል። የደመወዝ ጭማሪውን በቴሌቪዥን ስትሰማ እልል ያለችው ባለቤቱ እስካሁን አልገባትም።

አበሉ ከተወሰነ በኋላ እንደ ሐውልት ይቆማል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ዘይቱና የደም ግፊት መድኃኒቱ ዜናውን በዚያው ሳምንት ሰሙ። የጡረታ አበል ግን በራሱ አይሰማም፤ ውሳኔ እስኪነገረው ይጠብቃል። ሕጉ በበኩሉ ለጡረተኛው ጥበቃ አላጓደለም፤ አበሉ በተራ ዕዳ እንዳይያዝ፣ በዋስትናም እንዳይሰጥ ከልክሏል። ዋጋ ንረት ግን አራጣ አበዳሪ ስላልሆነ ክልከላው አልደረሰበትም።

አሁን ወደ መስኮቱ እንመለስ፤ ዋናው ትርኢት እዚያ ነው። ድሮ ባላገር ሹመት ወይም ፍርድ ፈልጎ ጌታ ቤት ደጅ ይጠና ነበር። የዘመኑ ደጅ ጠኚ የሚለየው የሚለምነው የራሱን ገንዘብ መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ዕድሜው ይጣራል። የልደት ምስክር ወረቀት ባልነበረበት ዘመን የተወለደ ሰው ዕድሜው «የጣሊያን ጊዜ»፣ «የእህሉ ዓመት» እየተባለ ነበር የሚቆጠረው። በቅጥሩ ቀን የሕይወት ታሪክ ፎርሙን የሞላለት ጸሐፊ በግምት ያሰፈረው ቁጥር ግን ከእናቱ ቃል ይበልጣል፤ ሕጉ የሚያምነው መጀመሪያ የተመዘገበውን ነው። ከዚያ ስሙ አለ። አንዱ ፋይል ላይ «ኃይለ ማርያም»፣ ሌላው ላይ «ሀይለማሪያም» ከሆነ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንድ መሆናቸውን ፍርድ ቤት ካላረጋገጠ በስተቀር። ከዚያ የሥራ ልምድ አለ። አሥር ዓመት መንግሥት ቤት፣ አሥራ አምስት ዓመት የግል ድርጅት የሠራ ሰው አገልግሎቱ እንደሚያያዝለት በሕግ ተጽፏል፤ ነገር ግን የመንግሥት ሠራተኛው አንድ አስተዳደር፣ የግሉ ሌላ አስተዳደር ስላለው፣ በሁለቱ መካከል ሸኚ ደብዳቤ ተሸክሞ የሚመላለሰው እሱው ነው። ድሮ የሠራበት ድርጅት ተሽጦ፣ ፈርሶ ወይም ስሙን ቀይሮ ከሆነ ደግሞ አዲስ ሥራ ተገኘለት፤ ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ቤት ተቀምጦ እንዳይሰለች።

ይህ ሁሉ አልፎ አበሉ ከተፈቀደ በኋላ የሚቀረው ቀላሉ ጥያቄ ነው፦ «በሕይወት አሉ?»

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልመጣም፤ በሞተ ሰው ስም ገንዘብ ማውጣት የትም አገር ያለ ነው። አስቂኙ ማስረጃው ነው። ሰውዬው መስኮቱ ፊት ቆሟል፣ ያስላል፣ «እንዴት አደራችሁ» ይላል። ይህ ብቻውን አይበቃም። ፎቶግራፍ፣ መታወቂያ፣ ፊርማ፣ ማኅተም ያስፈልጋል፤ መታወቂያው ጊዜው አልፎበት ከሆነ ወደ ቀበሌ፣ ይቅርታ፣ ወደ ወረዳ ይመለሳል። እዚያ «ሲስተም የለም» ከተባለ ሕይወቱ ለጊዜው በእንጥልጥል ይቆያል። ዋሽንግተን ልጇ ጋ የሄደች ጡረተኛ ደግሞ ውክልናዋን በኤምባሲ በኩል አስይዛ፣ በውጭ ጉዳይ አስረጋግጣ ትልካለች። የዶላሩ ቦንድ ባለቤት በሕይወት ስለመኖሩ የጠየቀው አንድም ሰው የለም።

መሞትም አያገላግልም። የሟች ባለቤት የአበሉን 50 በመቶ የማግኘት መብት አላት፤ ሚስት እንደነበረች ካስረዳች። አርባ ዓመት አብራው ኖራ፣ ልጆች ድራ፣ እድሩ ድንኳን ተክሎላት «ወረቀት አምጪ» ትባላለች። ጋብቻው በሽማግሌ ፊት የተፈጸመ ነውና ምስክር አሰባስባ ፍርድ ቤት ትሄዳለች።

የዚህን ሁሉ ወጪ ማን ይሸፍናል? የጡረታ ፈንድ ሕጉ ገንዘቡ ከሚውልባቸው ነገሮች መካከል የአስተዳደር ወጪን ይጠቅሳል። ስለዚህ የጥበቃው ደመወዝ፣ «ነገ ተመለሱ» የተጻፈበት ወረቀት፣ በሕይወት መኖሩን የሚያጸድቀው ማኅተም ቀለም የሚገዛው ከሰውዬው መዋጮ ነው። ወንበሩም የእሱ ነበር፤ መስኮቱ ከውስጥ በኩል ሆኖበት እንጂ።

በግሉ ዘርፍ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጨዋታ አለ። አንዳንድ አሠሪ የሠራተኛውን 7 በመቶ በትጋት ይቆርጣል፤ ገቢ ማድረጉ ላይ ነው ትጋቱ የሚደክመው። ሕጉ ከእንዲህ ዓይነቱ አሠሪ የባንክ ሒሳብ ላይ ዕዳውን የማስቆረጥ ሥልጣን ሰጥቷል። ሠራተኛው ግን ነገሩን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ጡረታ ሊወጣ ማስረጃ ሲሰበስብ ነው፤ ያን ጊዜ ድርጅቱ ተዘግቷል፣ ባለቤቱም በሌላ ስም ሌላ ድርጅት ከፍቷል።

እውነቱን ለመናገር በ2014 ዓ.ም. የወጡት አዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ገንዘቡን ከግምጃ ቤት ሰነድ ውጭ ባሉ መስኮች የማዋሉን በር ሰፋ አድርገው ከፍተዋል። በሩ መከፈቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን የገንዘቡ ባለቤቶች ገንዘባቸው የት እንደዋለ፣ ስንት እንዳተረፈ፣ ዋጋ ንረቱ ሲቀነስ ምን እንደቀረ በየዓመቱ በሚገባቸው ቋንቋ ሊነገራቸው ይገባል። ለባለቦንዶቹ የወጣው የመረጃ ሰነድ እኮ በመቶ በሚቆጠር ገጽ ነበር።

እስከዚያው ገና ስልሳ ያልሞላው አንባቢ አንድ ነገር ያድርግ። የዚህን ወር የደመወዝ ወረቀት አውጥቶ የተቆረጠውን 7 በመቶ ይመልከት፤ የአሠሪው 11 በመቶ ተጨምሮ በስሙ ገቢ መሆኑን ይጠይቅ፤ የጡረታ መለያ ቁጥሩን ይያዝ፤ ስሙና የልደት ዘመኑ በፋይሉ ላይ እንዴት እንደተጻፈ ሄዶ ይይ። ስህተት ካለ አሁን ያስተካክል፣ ጉልበት ሳለ።