ወደ ቡርጎኝ፣ በእንጦጦ በኩል

ቅዳሜ ማለዳ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ጥግ ብትቆሙ ሁለት ሰልፍ ታያላችሁ። የሚወርዱት ወገባቸው እስኪጎብጥ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ያዘሉ እናቶች ናቸው። የሚወጡት ጣራቸው ላይ ሳይክል ያዘሉ መኪኖች ናቸው። እኔ አንጀቴን የሚበሉት መኪኖቹ ናቸው። እናቶቹ እንኳ ያዘሉትን ሸጠው ዱቄት ይገዙበታል። ለተራራ ተብሎ የተሠራ ሳይክል ተሸክማ ተራራ የምታወጣ መኪና ግን ምን ታተርፋለች?

ከዚህ የተቀደሰ ልማድ ጋር ያስተዋወቀኝ አንድ ወዳጄ ነው። ለሥልጠና ፈረንሳይ ሄዶ ነበር። ሥልጠናው ስለ ምን እንደነበር ነግሮን አያውቅም፤ ስለ ሳይክሉ ግን አውርቶ አይጠግብም። ቡርጎኝ በሚባለው የወይን አገር፣ ቦን ከምትባል ከተማ ተነሥቶ ሳንትኔ እስከምትባል መንደር፣ 22 ኪሎ ሜትር ያህል በወይን ተክል መሃል ሲነዳ ውሏል። በየመታጠፊያው ምልክት አለ። በየመንደሩ ባለወይኑ በሩን ከፍቶ «ቅመሱ» ይላል። ቀመሰ። ካወራው ተነሥቼ ስገምት፣ ደህና አድርጎ ቀምሷል። ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ አንድ ጠባብ ቁምጣ፣ አፉ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞ መጣ፤ «ሱሉልታ እኮ የእኛ ቡርጎኝ ናት!»

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ዋና ገብታ የሚለው ተረት ትዝ አለኝ፤ ግን ዝም አልኩ።

«ወይኑስ የት አለ?» ብቻ አልኩት።

«አንተ ደግሞ! ዋናው መንፈሱ ነው።»

መንፈሱ ካለማ ምን ቀረ። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ያለች አገር ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሳሩን ነጭ ያለብሰዋል። ሜዳዋ የሚያውቀው ድርቆሽና ወተት ነው። ወይኑ የተተከለው ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ዝዋይ ነው፤ የፈረንሳዩ ካስቴል ተክሎት የመጀመሪያው ጠርሙስ በ2006 ዓ.ም. ገበያ ወጣ። ያም ሆኖ ለወዳጄ ልሟገትለት፤ ፈረንሳይ ከዚህ አካባቢ ጠፍታ አታውቅም። እንጦጦን ያለበሰውን ባሕር ዛፍ ለዳግማዊ ምኒልክ ያስመጣው ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው ይባላል። የሰበታው ሜታ ቢራም፣ ዲያጆ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ2004 ዓ.ም. በ225 ሚሊዮን ዶላር ከመንግሥት ገዝቶት አሥር ዓመት ያህል ከያዘው በኋላ፣ ዞሮ ዞሮ በዚያው በካስቴል እጅ ገብቷል። እንግዲህ ፈረንሳይን ለመፈለግ ሳይክል ምን ያደርጋል? ሰበታ ወርዶ አንድ ቀዝቃዛ ሜታ ማዘዝ ይበቃ ነበር።

የሆነው ሆኖ አንድ ቅዳሜ ተጋበዝኩ። ሳይክል ተውሼ ሄድኩ። ስድስት ነበርን።

መሰናዶውን ሳላደንቅ አላልፍም። የወዳጄ ሳይክል ከፊትም ከኋላም ሞላ አለው፤ ድንጋይ ቢመታው ባለቤቱ እንዳይሰማው። ቁምጣው መቀመጫው ላይ ስፖንጅ አለው፤ ሞላው ያመለጠውን ስፖንጁ እንዲቀበል። ጓንት አለ፣ መነጽር አለ፣ ሄልሜት አለ፣ ልብ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትመታ የሚቆጥር ሰዓት አለ። ሰውየው እንዲህ ከአናቱ እስከ እግሩ ታሽጎ ነው «ከተፈጥሮ ጋር የሚገናኘው»። ውሃውም የታሸገ ነው። ቦሌ ካለ ሱፐርማርኬት ነበር የገዛነው፤ ጠርሙሱን አዙሬ ሳነበው የታሸገው ሱሉልታ ነው። ከሱሉልታ ቦሌ ወርዶ፣ ከቦሌ ተመልሶ ሱሉልታ ወጣ፤ ያን ቀን ከሁላችን የበለጠ ኪሎ ሜትር የቆረጠው ውሃው ነው። መንገድ ዳር ቢጫ ጀሪካን ደርድረው ቦኖ እስኪከፈት የሚጠብቁ ሴቶች እጃቸውን አውለበለቡልን። እኛም አውለበለብን።

ከእንጦጦ ወዲያ ያለው ቁልቁለት በባሕር ዛፉ መሃል የሚሽሎከለክ የእግር መንገድ ነው። የሰውና የአህያ እግር ለዘመናት ሲጠርገው ኖሯል። የእኛ ሰዎች «ትሬል» ይሉታል፤ የእንግሊዝኛ ስምም አውጥተውለታል፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የዘንዶው ጅራት» እንደማለት ነው። የመንደሩ ሰው «የወፍጮ ቤት መንገድ» ይለዋል፤ ወፍጮ ቤት ስለሚያደርስ።

የዘንዶው ጅራት መሃል ላይ አንዲት ባልቴት ከፊታችን ሲሄዱ ደረስንባቸው። ጭራሮው ጀርባቸው ላይ አግድም ተጋድሞ መንገዱን ከጥግ እስከ ጥግ ሞልቶታል፤ ከ30 ኪሎ አያንስም። ወዳጄ ደወሉን ደወለ። ጥርት ያለች፣ የብር ድምፅ ያላት ደወል ናት። ባልቴቷ ሰምተዋል። ነገር ግን ያን የሚያህል ጭነት አዝሎ ዞር ብሎ ማየት የለም፤ የዞረ ይወድቃል። ደግሞ ደወለ። ጫማ ባልነካው እግራቸው ጣት መሬቱን እየዳሰሱ፣ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ወርደው፣ ግንድ ተደግፈው ቆሙልን። እኛ እየተንደረደርን ስናልፍ፣

«አይዟችሁ ልጆቼ፣ ማነው ያሳደዳችሁ?» አሉን።

ወዳጄ ይህን እንደ ማበረታቻ ወሰደው። ሰዓቱ በዚያች ደቂቃ ልቡ 164 ጊዜ መምታቷን መዝግቧል፤ ማታ ለሁላችንም ላከልን።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ሕፃናት «ፈረንጂ! ፈረንጂ!» እያሉ ተከተሉን። ወዳጄ የመርካቶ ልጅ ነው፤ ከዚያች ቀን በፊት ፈረንጅ ያለው ሰው አልነበረም። ደስታውን ለመደበቅ ሲታገል አየሁት። አንድ እረኛ «አካም!» ቢለው «ሃሎ!» ብሎ መለሰ። ሱሉልታ እነ ቀነኒሳ የሮጡባት፣ ቀነኒሳም መም ያሠራባት አገር ናትና፣ አንዲት ቀጭን ልጅ ዳገቱ ላይ በሩጫ አልፋን ሄደች። «እሷ እኮ ፕሮፌሽናል ናት» ተባለ፤ ስድስታችንም በዚህ ተጽናናን።

ከዚያ ጎማ ተነፈሰ። ይህ ጎማ ውስጡ ባለው ፈሳሽ ቀዳዳውን ራሱ ይደፍናል ተብሎ የተገዛ ነው። አልደፈነም። ግማሽ ሰዓት ያህል ስብሰባ ተቀምጠን፣ መጨረሻው አስፋልት ዳር ያለ ጎሚስታ ዘንድ መሄድ ሆነ። አሥራ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው። ጎማውን ሳፋ ውሃ ውስጥ ነክሮ አዞረው፤ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ አለ፤ እሾሁን በጥፍሩ ነቀለው። ነጩ ፈሳሽ እጁ ላይ ሲንጠባጠብ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ወተት ነው እንዴ የሞላችሁት?» አለ። አገሩ ሱሉልታ ነውና ጥያቄው አይፈረድበትም። ጎማውን አውልቆ አደራረቀው፣ ከውስጥ ላስቲክ ቆርጦ ለጠፈበት፣ ነፋው።

«መቶ ብር።»

«ኧረ ቀንስ እንጂ ወንድሜ!»

ለሳይክሉ የጥንድ በሬ ዋጋ ሲከፍል አንድ ብር ቀንሱልኝ ያላለ ሰው ነው። በ70 ተስማሙ።

ሳይክል ጠልቼ አይደለም፤ እንዳትሳሳቱ። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ላይ ሰው በሳይክል ሥራ ይሄዳል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ ማንም አጀብ አይልም። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ሜልቦርን ድረስ የሄዱት ብስክሌተኞቻችን በቡድን ዘጠነኛ ወጥተዋል። ሳይክላቸውን መኪና ዳገት ዳገቱን ተሸክሞ ያወጣላቸው እንደነበር ግን አልሰማሁም።

ትልቁ ሐዘን የመጣው ወደ መጨረሻው ነው። ሜዳውን አቋርጦ የሚያልፈው መንገድ በቆርቆሮ አጥር ተዘግቶ ጠበቀን። ወዳጄ ከሳይክሉ ወርዶ ቆርቆሮውን በጓንቱ መታ መታ አደረገው። «አየህ? አገሩን እኮ ጨረሱት! ሳር የለ፣ ከብት የለ፣ አጥር ብቻ! ሰው አይጠግብም?» እውነቱን ነው። ሱሉልታም ቡራዩም ሰበታም በ2015 ዓ.ም. ሸገር በተባለው ከተማ ከመጠቃለላቸው በፊትም በኋላም፣ ድርቆሽ የሚታጨድበት ሜዳ እየጠበበ፣ ቆርቆሮው እየሰፋ ነው የኖረው። ዘበኛው ድምፅ ሰምቶ ከጎጆው ብቅ አለ።

«የማነው ቦታው?» አለ ወዳጄ።

«የአዲስ አበባ ሰው ነው፣ ጌታዬ። ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የሚመጣ።»

ወዳጄ ዝም አለ። ቡራዩ ላይ ያጠረው 200 ካሬ አለው፤ አምስታችንም እናውቃለን። እኔም እዚያው አጠገቡ ልገዛ ቀብድ ከፍዬ የተመለሰልኝ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ እኔም ዝም አልኩ። በአጥሩ ዙሪያ ሳይክላችንን ተሸክመን ዞርን። ያን ቀን ሳይክል የተሸከመ እግረኛ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ቡርጎኝ ላይ ጋላቢው ሲያልፍ ባለወይኑ ጠርሙስ ይሸጣል፣ እንግዳ ያሳድራል። እኛ ምሳችንን ቦሌ ተመልሰን በላን፤ ክትፎ፣ ከዝዋዩ ወይን ጋር። ስድስታችን ሱሉልታ ላይ ያወጣነው ገንዘብ በድምሩ 70 ብር ነው።

የሚመጣው ቅዳሜ ጉዞ ቡራዩ ነው፤ የገፈርሳን ግድብ ዳር ዳሩን። ከዚያ ሰበታ ይቀጥላል፤ ወጨጫ ሥር፣ መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ። በዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጥድ ተተከለበት የሚባለው ደን እስከ ዛሬ ያለ እንግሊዝኛ ስም መኖሩ ወዳጄን እንቅልፍ ነስቶታል።

እንግዲህ ሂዱ፣ ማን ይከለክላችኋል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ቁልቁለቱ ላይ ጭራሮ ያዘሉ እናት ከፊታችሁ ካገኛችሁ ደወል አትደውሉባቸው፣ ዞር ማለት አይችሉም። እናንተው ውረዱና መንገዱን ልቀቁላቸው።